ሲሮጡ የታጠቁት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ብዙውን ጊዜ በችኮላ ለተገባበት ትዳር ወይም በብድር ለተከፈተ ሱቅ ነው። እኔ ግን ከደሴ በሐረጎ ቁልቁል ወርጄ፣ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ልፈትነው እወዳለሁ።

ሰልጣኝ አብራሪ ትንሽ አውሮፕላኑን መሬት ላይ ሲያፈርጠው፣ ተመልካች ጥፋቱን የሚፈልገው ጎማው ሜዳውን በመታበት ቅጽበት ነው። ጥፋቱ ግን ቀደም ብሎ ተሠርቷል፤ ፍጥነቱና ከፍታው ሳይስተካከል ወደ ሜዳው ባቀናበት ጊዜ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,860 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ መለኪያው 65 ኖት ሲያሳይ፣ ነፋስ በሌለበት ቀን እንኳ ከመሬት አንጻር ያለው ፍጥነት ከ70 ያልፋል፤ ፀሐይ ሲጠነክር ደግሞ ይብሳል። ዝቅተኛ ሜዳ የለመደ ሰልጣኝ መሬቱ ሲሮጥበት ይደነግጣል፤ መለኪያውን ትቶ ዓይኑን ያምናል። ኃይል ይቀንሳል፣ አፍንጫውን ያለጊዜው ያነሳል፣ ክንፉ መሸከም ያቅተዋል፣ ከዚያ ዱብ ነው። ከነጠረ በኋላ አፍንጫውን ወደ ታች ከገፋው የፊት ጎማው ቀድሞ ይመታል፤ አውሮፕላን የሚሰበረው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

ተረቱን በአዲስ አበባ ሰማይ ያስመሰከረ ሰውም ነበር። ትሪኒዳድ የተወለደው ሂዩበርት ጁልየን በፓራሹት ዘልሎ ንጉሠ ነገሥቱን አስደስቶ ማዕረግ አገኘ። በ1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓሉ ሲቃረብ ግን የንጉሠ ነገሥቱን ጂፕሲ ሞዝ በልምምድ ላይ ሰበረው፤ ከአገርም ወጣ። ዝላይና ማብረር ለየቅል ናቸው።

እስካሁን ተረቱ ልክ ነው። የሚጎድለው ግን ሳይታጠቅ ሩጫ የጀመረው ምን ይሁን የሚለው ነው። እግረኛ ቆሞ መቀነቱን ያጠብቃል፤ አየር ላይ መቆም የለም። አብራሪዎች ለዚህ ጎ አራውንድ አላቸው፦ ያልተስተካከለውን ማረፍ ትቶ፣ ለሞተሩ ሙሉ ኃይል ሰጥቶ፣ ዞሮ እንደገና መምጣት። በሩጫ ላይ የተጠበቀ መቀነት ነው፤ አይፈታም። እርግጥ በኮምቦልቻ ከፍታ ተራ የፒስተን ሞተር ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል፤ ዙሪያውም ተራራ ነው፤ የዘገየ ውሳኔ አያዋጣም። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን እፍረቱ ይመስለኛል። ሰው እያየ «አልቻልኩም» ብሎ ከመመለስ መፈረጥን የሚመርጥ ሞልቷል፤ በመሬትም ቢሆን።

አንዳንዴ ደግሞ ቀድሞ መታጠቅ በእጅ አይሆንም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ንጉሠ ነገሥቱ ያሉባትን ደሴን ሲደበድቡ፣ ኢትዮጵያ የነበሯት አውሮፕላኖች ጥቂት ነበሩ፤ አብዛኞቹም ለውጊያ አልተሠሩም። ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ለቀይ መስቀል የበረረው በዚያ ሩጫ መሀል ነው። ያን ጊዜ «ቀድመህ ብትታጠቅስ» የሚለው ለቁስለኛ ምኑም አልነበረም። ፎን ሮዘን ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ፣ ቢሾፍቱ ላይ የአየር ኃይሉን ሰልጣኞች ዐሥር ዓመት ገደማ አስተማረ።