ያልተፈጸመ ሥራና የተመልካቹ ፍርድ

አንድ ሥራ ለፍርድ የሚቀርበው መቼ ነው? ሠሪው እጁን ካነሣ በኋላ ነው ወይስ ገና እጁ ጭቃው ውስጥ ሳለ? ጥያቄው በኪነ ጥበብ ታሪክ ውስጥ አዲስ አይደለም። ይሁን እንጂ ከዐሥር ዓመት ወዲህ በዓለም ገበያ በተስፋፋ አንድ ልማድ ምክንያት ከጥቂት ሐያስያን ክበብ ወጥቶ የሚሊዮኖች ጥያቄ ለመሆን በቅቷል። ልማዱም ይህ ነው፤ የኮምፒዩተር ጨዋታ የሚሠሩ ሰዎች ሥራቸውን ሳይፈጽሙ ለገበያ ያቀርቡታል፤ ገዢው እየተጫወተ አስተያየቱን ይጽፋል፤ ሠሪው በገዢው ገንዘብና አስተያየት እየታገዘ ሥራውን ይቀጥላል። ጨዋታው «ተፈጸመ» ተብሎ በይፋ በሚወጣበት ዕለት ግን ፍርዱ ቀድሞ ደርሶ በር ላይ ይጠብቀዋል።

ጨዋታ ነውና ለቁም ነገር አይበቃም ብሎ ነገሩን ማቃለል ስሕተት ነው። በተለይም የስልት ጨዋታ፣ ማለትም ተጫዋቹ አገር እያቀና፣ ጦር እያሰለፈ፣ ሀብት እያከፋፈለ ከተቀናቃኙ ጋር በአእምሮው የሚታገልበት ጨዋታ፣ ለጎንደር ምድር እንግዳ አይደለም። ከ1848 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የእንግሊዝ ቆንሲል ሆኖ በአገራችን የኖረውና በ1860 በጎንደር አቅራቢያ በደረሰበት ጥቃት ሳቢያ የሞተው ዋልተር ፕላውደን፣ ከሞተ በኋላ በ1868 በታተመው የጉዞ መጽሐፉ የኢትዮጵያን ሰንጠረጅ አጨዋወት ገልጿል። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 የጨዋታውን ታሪክና ሕግ አሰባስቦ አሳትሟል።

የሰንጠረጅ መክፈቻ «ወረራ» ይባላል። በወረራ ጊዜ ተጫዋቾቹ ተራ አይጠባበቁም፤ ሁለቱም ባንድ ጊዜ መደቆቻቸውንና ፈረሶቻቸውን እየገፉ ሰልፋቸውን ያበጃሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ አይቶ የገፋውን መልሶ ይስባል። የመጀመሪያው ምርኮ ሲወሰድ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው በተራ ነው። ዳር የተቀመጠው ተመልካችም ዝም አይልም፤ ይመክራል፣ ያስጠነቅቃል፣ ይጮኻል። ድሉ የሚመዘነው ግን በመጨረሻ ነው። ንጉሡ በምን እንደተያዘ ይታያል፤ በኃይለኛው በደር ከማሸነፍ ይልቅ በታናናሾቹ መደቆች ማሸነፍ ይበልጥ ያስመሰግን ነበር። እንግዲህ በወረራ ጊዜ የሚሰማው ድምፅ ምክር እንጂ ፍርድ አይደለም። የዛሬው ገበያ ያደባለቀው እነዚህን ሁለቱን፣ ምክርንና ፍርድን፣ ነው።

አሠራሩን ጠጋ ብሎ መመርመር ተገቢ ይሆናል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና። ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ስቲም» በሚባለው የጨዋታ ገበያው ያልተፈጸሙ ጨዋታዎችን በይፋ መሸጥ የጀመረው በ2013 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ገዢዎች አስተያየት እንዲጽፉ መድረክ ከፈተ። ጸሐፊው የፈለገውን ያህል ቢያብራራም ከሁለት ቃል አንዱን መምረጥ ግዴታው ነው፤ ወይ «ይገዛ» ወይ «አይገዛ» ይላል። ገበያው እነዚህን ቆጥሮ ከመቶ ያሰላል፤ ድጋፉ ከመቶ 80 ሲያልፍ የምስጋና ማዕረግ ይሰጣል፤ ከ40 እስከ 69 ሲሆን «የተደባለቀ» ይለዋል። ረጅሙ ሐተታ ተረስቶ በጨዋታው ስም አጠገብ የሚቀረው ይህ አጭር ቃል ነው። መንገደኛው ገዢ ቆሞ እንዲያይ ወይም ሳያይ እንዲያልፍ የሚያደርገውም ይኸው ቃል ነው።

ችግሩ ሥራው ሲለወጥ ቃሉ አብሮ አለመለወጡ ነው። በጅምሩ የታየው ጉድለት ከዓመት በኋላ ቢታረምም ጉድለቱን የመዘገበው ድምፅ ግን ከድምሩ አይወጣም። ገበያው ራሱ ይህን ስላወቀ በ2016 (እ.ኤ.አ.) የቅርብ ጊዜ አስተያየቶችን ከጠቅላላው ለይቶ ማሳየት ጀመረ፤ ጨዋታው ሳይፈጸም የተጻፉትም ምልክት ይደረግባቸዋል። ማሻሻያው መልካም ነው። ሆኖም መድኃኒቱ የበሽታውን መኖር ይመሰክራል።

የቅርብ ጊዜ ምሳሌዎች ነገሩን ከተለያየ ገጽ ያሳያሉ። የቤልጅግ ኩባንያ የሆነው ላሪያን «ባልዱርስ ጌት 3» የተባለውን ጨዋታ በጥቅምት 2020 (እ.ኤ.አ.) ለገዢዎች ሲያቀርብ የከፈተላቸው የታሪኩን የመጀመሪያ ገቢር ብቻ ነበር። ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በነሐሴ 2023፣ ሙሉው ወጣና ታላቅ ምስጋና አገኘ። የቲያትር ባለሙያ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። በልምምድ ላይ የተቀመጠ ተመልካች ሳቁ የት እንደጠፋ፣ ዝምታው የት እንደረዘመ ይናገራል፤ ከያኒውም ይጠቀማል። ሁለተኛና ሦስተኛ ገቢሮቹን ሳያይ ግን ስለ ተውኔቱ ፍጻሜ ሊናገር አይችልም።

ሁለተኛው ምሳሌ «ማነር ሎርድስ» ነው። ይህ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ መንደር የሚቀናበትና ጦር የሚመራበት የስልት ጨዋታ በአብዛኛው የአንድ ፖላንዳዊ ሰው የእጅ ሥራ ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 2016 ዓ.ም. ሳይፈጸም ለሽያጭ ሲቀርብ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጠለት። ጥቂት ወራት እንኳ ሳይቆይ ግን ሌላ የጨዋታ ኩባንያ መሪ ጭማሪው ዘገየ፣ ይህም ያልተፈጸመ ሥራን የመሸጥ አደጋ ማሳያ ነው ሲል ነቀፈ። የጨዋታው አሳታሚ ደግሞ ገዢዎቹ በከፈሉት ልክ አግኝተዋል፣ ሠሪው ማብቂያ በሌለው ሩጫ ሊጠመድ አይገባውም ሲል መለሰ። ከዚህ ክርክር የሚታየው ምስጋናም ሸክም መሆኑን ነው። ለአንድ ሰው የተሰጠ የሚሊዮኖች አድናቆት በማግሥቱ የሚሊዮኖች ጥያቄ ይሆናል። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ብሂል በገበያ ሚዛን ሲመዘን ቀላል ሆኖ ይገኛል።

ሦስተኛው ምሳሌ መራራ ነው። «ከርባል ስፔስ ፕሮግራም 2» የተባለው ጨዋታ በትክክለኛ ስሙ የስልት ጨዋታ ባይባልም፣ መንኮራኩር ሠርቶ ወደ ጠፈር ለመላክ ብርቱ ስሌት የሚጠይቅ የቅርብ ዘመዱ ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ሳይፈጸም በ50 ዶላር ገደማ ለሽያጭ ሲቀርብ ገዢዎች ከባድ ጉድለቶቹን ዘረዘሩ፤ ደረጃውም ወደ «የተደባለቀ» ወረደ። በ2016 ዓ.ም. የሠሪው ቡድን ሠራተኞች ሲሰናበቱ ጨዋታው ተስፋ የተሰጠበትን ሳያሟላ ቀረ። ታዲያ የገደለው ፍርዱ ነውን? ሐኪም በሽታውን ስለተናገረ በሽታውን አመጣው አይባልም። የገዢዎቹ ቃል ባዩት ላይ የቆመ ነበር። እዚህ ላይ ተጠያቂው ላም አለኝ በሰማይ እያለ ወተቷን አስቀድሞ የሸጠው ሻጭ ነው። ስለዚህ ያልተፈጸመ ሥራን መንቀፍ ሁሉ ግፍ ነው የሚለው አስተሳሰብ አያስኬድም። ገንዘቡን የከፈለ ሰው ያየውን የመናገር ሙሉ መብት አለው።

ይሁንና በስልት ጨዋታ ረገድ «ያየውን» የሚለው ቃል ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። የስልት ጨዋታ በአንድ ተቀምጦ የሚታይ ነገር አይደለም። በስቲም ሕግ መሠረት ገዢው ገንዘቡን ለማስመለስ የሚችለው በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት ያነሰ ተጫውቶ ከሆነ ነው። በ2 ሰዓት ውስጥ ግን የመንደሩ አጥር እንኳ አያልቅም። የጦሮች ሚዛን፣ የተቀናቃኙ ብልሃት፣ የሀብቱ አወጣጥና አገባብ የሚታወቁት በብዙ ሰዓት ትግል ነው፤ ሠሪውም አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚያስተካክላቸው እነዚህኑ ነው። ጥንስሱን የቀመሰ ሰው ጠላውን ጠጣሁ ሊል አይችልም።

ሌላም ነጥብ አለ። ያልተፈጸመ ጨዋታ ለመግዛት የሚሽቀዳደሙት በአመዛኙ የሙያው አፍቃሪዎች፣ በስልት ጨዋታ የሠለጠኑ ነባሮች ናቸው። እነርሱ ቀላል ነው ሲሉ ሠሪው ያከብደዋል፤ ረቂቅ ነገር ይጨመር ሲሉ ይጨምራል። በመጨረሻ በሩ ለሰፊው ሕዝብ ሲከፈት ጀማሪው ተጫዋች ቤቱ ለሌላ ሰው ቁመት እንደተሠራ ያገኘዋል። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ ፈራጆች የሥራውን ስም ብቻ ሳይሆን ሥራውን ራሱን ይቀርጹታል ማለት ነው። ገና ስላልመጡት ሰዎች የሚናገርላቸው የለም።

ያልመጣው ሰው ማን ነው? ለዚህ ጠዳን መመልከት ይበቃል። ጠዳ ከጎንደር በስተደቡብ፣ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ከአዘዞ አለፍ ብላ የምትገኝ፣ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ያላት ከተማ ናት። በዚያ የሚማር ወጣት የጨዋታ ፍቅር ቢኖረው በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት ካርድ በቀላሉ አያገኝም፤ ጨዋታውን ወደ መሣሪያው ለማውረድ የሚጠየቀው የኢንተርኔት ክፍያም ከኪሱ አቅም በላይ ሊሆን ይችላል። ሞክሮ የሚጥል ሀብታም ገዢ አይደለም። በእጁ ያለው የሌሎች ቃል ብቻ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው በችኮላ የጻፈው ፍርድ ገንዘብ ለሌለው ሰው እውነት ሆኖ ይደርሰዋል። የአስተያየቱ ሥነ ምግባራዊ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሊያረጋግጥ ለማይችል ሰው የሚነገር ቃል እንደ ምስክር ቃል ነው።

በሠሪው በኩልም ነገሩ ለአገራችን ቅርብ ነው። አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ንና «ገበጣ»ን በእጅ ስልክ ጨዋታነት ለሕዝብ አቅርቧል። በውጭ አገር ለተደላደለ ኩባንያ አንድ ሺህ የነቀፋ ቃል ቁስል ነው፤ ለጀማሪ ግን ዐሥር የችኮላ ቃል ሞት ሊሆን ይችላል። ይህ ሲባል የአገር ልጅ ሥራ በይሉኝታ ይወደስ ማለት አይደለም። በይሉኝታ የተመሰገነ ሥራ ጉድለቱን ሳያውቅ ያረጃል።

ጥንታዊው የቅኔ ቤት ለዚህ ጥያቄ የራሱ መልስ ነበረው። ተማሪው ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ የቆጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ይሰማል፣ ያርማል፣ ያቀናል፤ ባልንጀሮቹ አጠገቡ ሆነው ይማራሉ። የተሰበረው ቤት እዚያው ይጠገናል፤ ስብራቱም የተማሪው መጠሪያ ሆኖ ወደ ደብሩ አይወጣም። በቅኔ ማኅሌት ቆሞ በተቀኘ ጊዜ ግን ሊቃውንቱ ያለ ርኅራኄ ይመዝኑታል። ሁለት ቦታ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ዓይነት ቃል ነበር። ያልተፈጸመ ሥራ የሚሸጥበት ገበያ የቅኔ ቤቱንና ቅኔ ማኅሌቱን አንድ አዳራሽ አደረጋቸው። ገዢው ባንድ ጊዜ የሠሪው ባልንጀራና ፈራጅ ሆነ። አዳራሾቹን መልሶ መለየት አይቻል ይሆናል። ተናጋሪው ግን በየትኛው ድምፁ እንደሚናገር ሊያውቅ ይገባዋል።

ከዚህም ግዴታዎች ይመነጫሉ። አስተያየት ሰጪው ምን ያህል እንደተጫወተና ሥራውን በየትኛው ደረጃው እንዳየው መናገር አለበት፤ ያየውን ጉድለት ከሚፈራው ጉድለት መለየት አለበት፤ ከሁሉም በላይ ሥራው ሲፈጸም ተመልሶ ቃሉን መመርመር አለበት። ስቲም ጸሐፊው ቃሉን እንዲያሻሽል ይፈቅድለታል፤ የሚጎድለው የመመለስ ልማድ ነው። በሽተኛውን መርምሮ ቀጠሮ የማይሰጥ ሐኪም ሙያውን በግማሽ እንደተወ በጠዳው ኮሌጅ የሚማር ሁሉ ያውቀዋል። ሠሪውም በበኩሉ የሚሸጠው ዛሬ ያለውን እንጂ ነገ ያሰበውን መሆን የለበትም፤ «ገና አላለቀም» የሚለውን ቃል ከነቀፋ መሸሸጊያ ዋሻ ሊያደርገው አይገባም።

ይህ ጉዳይ ከጨዋታ ዓለም ውጭም ይሠራል። በ1970ዎቹ በየስብሰባው «ሂስና ግለ ሂስ» የሚለው ቃል ሳይነሣ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነበር። ቃሉ በጎ ነው፤ ነገር ግን ሥራው ሳይመረመር ሰውየው የሚመረመርበት፣ ውሳኔውም ከውይይቱ የሚቀድምበት ጊዜ እንደነበር የሚያስታውሱ ብዙ ናቸው። ዛሬም የሠራተኛን ጅምር ዕቅድ የሚገመግም ካድሬ፣ የተማሪን ረቂቅ የሚያርም መምህር፣ የወጣት ጸሐፊን የመጀመሪያ ድርሰት የሚያነብ ከያኒ በእጁ ያለው ሥልጣን ተመሳሳይ ነው። እርሱ በችኮላ የሚያኖረው አንድ ቃል ሥራው ከተለወጠ በኋላም በስሙ አጠገብ ሊቀር ይችላል። በጅምር ላይ የተናገረ ሰው የሥራው ተካፋይ ሆኗል፤ ተካፋይ የሆነም ፍጻሜውን ሳያይ ከስፍራው ሊነሣ አይገባውም።