ማን አስገደደህ?

ጣና ሐይቅ ዳር እምቦጭ የሚባለው አረም ሲነቀል ሁለት ዓይነት ሰው ጎን ለጎን ይቆማል። አንዱ የደምቢያ ወይም የፎገራ ገበሬ ነው፤ ውኃው ሲጎድል ሽምብራ የሚዘራበት ባሕር ሸሽ መሬትና ከብቶቹ የሚሰማሩበት ዳርቻ በአረሙ ተውጦበታል። ሌላው ከጎንደር፣ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ ከጓደኞቹ ጋር በአውቶቡስ ተሳፍሮ የመጣ ነው፤ ተማሪ ወይም የባንክ ሠራተኛ። ሁለቱም እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ገብተው ያንኑ የተጠላለፈ ሥር ይጎትታሉ። በጎ ፈቃደኛ የሚባለው ግን ሁለተኛው ብቻ ነው። ፎቶ የሚነሣውም እሱ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ይመስላል። ገበሬው ኑሮው አስገድዶታል፤ እንግዳው ግን ቢቀር ማንም አይጠይቀውም። ማን አስገደደህ ቢሉት፣ ማንም፣ ይላል። ምስጋናችንን የምናፈሰው ለዚህ መልሱ ነው። እኔን የሚከነክነኝም ይኸው ነው፤ አለመገደድ ይህን ያህል የሚያስከብር ነገር ነው?

አርስቶትል ስለ ሥነ ምግባር ለኒኮማኮስ በተሰየመው መጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል ማዕበል ስለ ያዛቸው መርከበኞች ያነሣል። መርከቧ እንዳትሰጥም ጭነታቸውን ወደ ባሕር ይወረውራሉ። ወደው ነው ተገደው? በደኅና ቀን ንብረቱን ባሕር ውስጥ የሚጥል የለም። በዚያች ሰዓት ግን የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው፣ እጃቸውንም የሚያንቀሳቅሱት ራሳቸው። ስለዚህ አርስቶትል ድርጊቱን ድብልቅ ይለዋል፤ ሚዛኑ ግን ወደ ፈቃድ ያደላል ባይ ነው። የደምቢያውም ገበሬ እንዲሁ ነው። የራሱን ማሳ ጫፍ ብቻ አጽድቶ መመለስ ይችላል፤ የጎረቤቱንም ሲነቅል ከዋለ ያን የመረጠው እሱ ነው። ችግር ገፋፋው ማለት ፈቃድ የለውም ማለት አይደለም። እንዲያውም ምን እንደሚያጣ አውቆ የሚመርጥ እሱ ነው፤ እንግዳው የሚያጣው አንድ ቅዳሜ ነው።

አሁን ወደ አረሙ እንምጣ፤ ክርክሩን የሚፈታው የእሱ ጠባይ ነውና። እምቦጭ መነሻው የደቡብ አሜሪካው የአማዞን ተፋሰስ ነው። ሐምራዊ አበባው አምሮ የታየው ሰው ለጌጥ ብሎ በዓለም ዙሪያ በተነው። በአገራችን ቆቃ ሐይቅና አዋሽ ወንዝ ላይ መታየቱ የተመዘገበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 ሲሆን፣ ጣና ላይ በይፋ የታወቀው በ2011 ነው፤ ሐይቁ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ከመመዝገቡ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ማለት ነው። አረሙ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። የተበጠሰ ቁራጩ እንደ ገና ያቆጠቁጣል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ ሃያ ዓመት ሳይሞት ይቆያል። ተነቅሎ ዳር ላይ የተከመረውም ካልተነሣ በክረምት ውኃው ሲሞላ ተመልሶ ይገባል።

እንግዲህ የሃያ ዓመት ዘር ካለው ጠላት ፊት ሊመጣም ሊቀርም የሚችል ሰው ምን ያህል ይመዝናል? ሳይገደድ መምጣቱ የሚደነቅበት ነፃነት ሳይገደድ እንዲቀርም የሚፈቅድለት ያው ነፃነት ነው። አረሙ የሰውን ልብ አይመረምርም፤ በፍቅር ተነቀለ፣ በትእዛዝ ተነቀለ ግድ የለውም። ግድ የሚሰጠው በሁለተኛው ሳምንት የሚመለስ ሰው መኖር አለመኖሩ ነው።

በደቦ ይህ ጥያቄ ብዙም አይነሣም። ማሳው የታጨደለት ሰው ማን እንደ መጣ፣ ማን እንደ ቀረ በዓይኑ ያያል፤ ወንፈል ከሆነ ደግሞ ብድሩ በቀኑ ይመለሳል። መምጣት ፈቃድ ነው፤ መቅረት ግን ጎረቤት ያስታውሰዋል። ሐይቅ ግን አያስታውስም፣ ወንፈልም አይመልስም። በዚያ ላይ በጣና ውኃ የሚጠቀመው ብዙው ሰው ገና ያልተወለደ ወይም ዓባይ በሚወርድበት ሩቅ አገር የሚኖር ነው፤ ማን መጣ ማን ቀረ ብሎ የሚታዘብ ጎረቤት አይሆንም። ስለዚህ ጎረቤት ያስርልን የነበረውን ገመድ ራሳችን በራሳችን ላይ ማሰር አለብን። የበጎ ፈቃድ ጥሬ ዕቃው ነፃነት ነው፤ ሥራ የሚሆነው ግን ሰውየው የመቅረት መብቱን ከፊሉን አሳልፎ ሲሰጥ ይመስለኛል።

ከታሰረማ በጎ ፈቃደኛነቱ ምኑ ላይ ነው የሚል አይጠፋም። መንዝ ያለውን ጓሳ ልጥቀስ። ወደ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ያን ውርጫማ ሣር መሬት የአጽመ ርስት ባለቤቶች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሳቸው ሕግ እንደጠበቁት ይነገራል። ለዓመታት ይዘጉታል፣ በቀኑ ይከፍቱታል፤ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን ሣር ያጭዳሉ፤ ሕጉን የጣሰ ይቀጣል። በእኛ አቆጣጠር በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስቱ ሲቀር ሥርዓቱም ፈረሰ፣ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ ነዋሪው ራሱ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ፤ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬም እዚያ አሉ። መንዞችን በጎ ፈቃደኞች የሚላቸው የለም። ቅጣት ያለበትን ደንብ ሲቀበሉ ግን ከዚያ የበለጠ ምን ፈቃድ አለ? (ደንቡ ከላይ ሲጫን ሌላ ነገር ይሆናል። በየቀበሌው ስም እየተጠራ የሚወጣበትን የተፋሰስ ሥራ በጎ ፈቃድ ማለት ከበድ ይለኛል፤ እርከኑ ጠቃሚ ቢሆንም እንኳ።)

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ተቃውሞ አለ። እምቦጩን የሚመግበው ከየማሳው የሚታጠብ ማዳበሪያና አፈር፣ ከየከተማው የሚወርድ ቆሻሻ ነው፤ ርብና ጉማራ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ተሸክመው ያመጡለታል። ታች የሚነቅል በጎ ሰው ከላይ በኩል ያለውን አጥፊ እያገላገለው ይሆን? ዘመቻ በተጠራ ቁጥር፣ በእኛው አቆጣጠር እንደ 2013ቱ ጥቅምት ሁሉ፣ አገር በደግነቱ ይኮራል፤ የፍሳሽ ጉዳይ ደግሞ ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል። ይህን ተቃውሞ ሙሉ በሙሉ የምመልስበት ነገር የለኝም። ነቅሎ አርቆ መጣል ከሐይቁ ጥቂት ምግብ ይቀንሳል፤ ከላይ ለሚገባው ግን አይበቃም።

ስለዚህ ለዘመቻ የሚነሣ ማኅበር ቢያማክረኝ፣ ከሐይቁ ዳር ሁሉ አንድ ቀበሌ ያህል ርዝመት ብቻ ምረጡ፣ ለአምስት ዓመት ቃል ግቡ፣ ከጉዞዎቻችሁ ግማሹን ደግሞ ወደ ላይ፣ ወደ መገጭ አድርጉት እላለሁ። እዚያ ሥራው እርከን፣ የወንዝ ዳር ሣርና ከማዘጋጃ ቤት ጋር ስለ ፍሳሽ መጨቃጨቅ ነው። አበባ የለውም፣ ለፎቶም አይመችም። ከአባላቱ ብዙዎቹ በሁለተኛው ዓመት እንደሚቀሩ እገምታለሁ፤ በጀቱም ከወዲሁ ለሚዘልቁት ጥቂቶች ቢሠራ ይሻላል።