እናት ስትረሳን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በዚህ በስደት አገር እኅቶች ደጋግመው የሚያቀርቡልን ጥያቄ አለ። «አባ፣ ስደውልላት ማን ነሽ ትለኛለች። እናቴ አሁንም አለች ወይ?» ሌሎቻችሁ ደግሞ የማዳምን እናት ትጦራላችሁ፤ በቀን አሥር ጊዜ ስማችሁን ትጠይቃለች።

ሰው ማለት ትዝታው ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ትዝታው ሲሄድ ሰውየውም ሄደ ባልን ነበር።

ድጓ የተማረ እንደሚያውቀው ፊደሉ ብቻውን ዜማ አይሆንም፤ በላዩ ይዘቱ፣ ድፋቱ፣ ጭረቱ አለ። በሰውነታችን ሴሎች ያለው ዲ ኤን ኤም እንደዚያው ነው። ኤፒጄኔቲክስ የሚባለው ጥናት የሚመረምረው ፊደሉን ሳይሆን ምልክቱን ነው፤ የትኛው ጂን እንዲሠራ፣ የትኛው ዝም እንዲል የሚያደርገውን። ትዝታ እንዲጸና ይህ ምልክት ያስፈልጋል፤ በአልዛይመር ሕመም ግን ይዛባል።

እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የኤም አይ ቲ ተመራማሪዋ ሊ ህዌ ጻይና ባልደረቦቿ የአንጎል ሴሎቻቸው የሞቱባቸውን አይጦች መጫወቻና መሮጫ ባለበት ስፍራ አኖሯቸው። ተምረው የረሱት ተመለሰላቸው። ከእነዚያ ምልክቶች አንዱን የሚያበዛ መድኃኒት ሲሰጧቸውም እንዲሁ ሆነ። ትዝታው አልጠፋም ነበር፤ መንገዱ ነው የተዘጋው። አይጥ ሰው አይደለምና ፈውስ ደረሰ አንልም። «አለቀላት» ለማለት መቸኮል ግን አይገባም። (መንፈስ ነው ብላችሁ ከሐኪም የምታስቀሩም ተዉ፤ ጠበሉም ሐኪሙም የእግዚአብሔር ነው።)

ምልክቱ ጨርሶ ቢደመሰስስ? ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ስንጠመቅ ምን እናስታውሳለን? የክርስትና አባትና እናት መለሱልን፣ ሥጋ ወደሙ ተቀበልን። አላወቀችም ብሎ የከለከለን የለም። በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴም የለመነው መታሰብን ነው።

ስለዚህ እኅታችን፣ «ረሳሽኝ?» እያልሽ አትፈትኛት። ስምሽን ንገሪያት፤ አንቺ ስምሽን ሳታውቂ በስምሽ የጠራችሽ እርሷ ናት። ለማዳም እናትም አሥራ አንደኛውን ጊዜ እንደ መጀመሪያው መልሺላት። ሌሊቱን እንደማያስተኙሽ፣ ደመወዙም ድካምሽን እንደማይመጥን እናውቃለን።

የታመሙ እናቶቻችሁንና አባቶቻችሁን የክርስትና ስም በውስጥ መስመር ላኩልን፤ በእሑድ ቅዳሴ እናስባቸዋለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።