የጠላት ልጅ

ደም በተቃቡ ቤተ ሰቦች ዘንድ የተወለደ ወንድ ልጅ፣ ገና በአንቀልባ ታዝሎ ሳለ ከሒሳብ ይገባል። ለወገኖቹ የነገ ደም መላሽ፣ ለባላንጣዎቹ የነገ ባለጋራ ነው። ራሱ ግን ከእናቱ ጡት በቀር የሚያውቀው ነገር የለም። ይህ አስተሳሰብ የአሮጌው የባላገር ኑሮ ርዝራዥ ብቻ ተደርጎ ቢታይ ስሕተት ይሆናል። ታላላቅ መንግሥታትም በጦርነት ጊዜ፣ በባሕር እገዳና በስንቅ ክልከላ አማካይነት፣ ሕፃናትን የሚቈጥሩት በዚሁ ስሌት ነው። ስለዚህ በቀውስ ጊዜ ለሕፃናት ስለሚደረግ ዓለም አቀፍ ዕርዳታ ሲታሰብ፣ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ የማን ልጅ ይብላ የሚለው ነው። የእህሉ ብዛትና የገንዘቡ መጠን ከዚያ በኋላ የሚታይ ጉዳይ ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1918 በተኩስ ማቆም ስምምነት ቢገታም፣ የአሸናፊዎቹ የባሕር እገዳ ወዲያው አልተነሣም። ጀርመን የሰላሙን ውል እስክትፈርም ድረስ ረሀብ የድርድር መሣሪያ ሆኖ ቈየ። እ.ኤ.አ. በ1919 ኤግላንታይን ጄብ የተባለች እንግሊዛዊት የቀድሞ መምህርት፣ በለንደን ትራፋልጋር አደባባይ የተራበ የኦስትሪያ ሕፃን ፎቶግራፍ ያለበትን ወረቀት ስታድል ተያዘች። ወረቀቱ ለሳንሱር ያልቀረበ ስለ ነበር ፍርድ ቤቱ 5 ፓውንድ ቀጣት። የከሰሳት ዐቃቤ ሕግ ገንዘቡን ከገዛ ኪሱ አውጥቶ እንደ ሰጣት ይነገራል። በዚያው ዓመት ከእኅቷ ጋር «ሴቭ ዘ ችልድረን» የተባለውን ድርጅት መሠረተች።

የዚህች ሴት አቋም ዛሬ የዋህ ርኅራኄ መስሎ ይታይ ይሆናል። በጊዜው ግን፣ ልጆቻቸውን በፈረንሳይ ምሽጎች ያስቀሩ ወላጆች በሞሉባት ከተማ፣ የባላጋራን ልጅ አብሉ ብሎ በአደባባይ መቆም እንደ ክሕደት የሚያስቈጥር ነበር። እርስዋ ያረቀቀችውን ባለ አምስት ነጥብ ሰነድ የዓለም መንግሥታት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1924 አጸደቀው፤ ይህም ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል ከሆነች ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ሰነዱ በመከራ ጊዜ ዕርዳታ አስቀድሞ ለሕፃን ይድረስ ይላል፤ ዘርን፣ ዜግነትንና ሃይማኖትንም ከዚህ ግዴታ በታች ያደርጋቸዋል።

ሁለተኛው ጦርነት ሲያበቃም ያው ጥያቄ ተመለሰ። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1946 ዩኒሴፍን ሲያቋቁም፣ በዋና ዳይሬክተርነት እንዲያገለግል የተጠየቀው አሜሪካዊው ሞሪስ ፔት አንድ ቅድመ ሁኔታ አቀረበ። ድል የተነሡት የጀርመን፣ የጃፓን፣ የኢጣሊያ ሕፃናት ካልተካተቱ ሥራውን እንደማይቀበል አስታወቀ። ፋሽስት ኢጣሊያ ከኢትዮጵያ ከተባረረች ገና 5 ዓመቷ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቤቷ ከነልጆቿ ለተቃጠለባት የአዲስ አበባ እናት፣ የሮማ ሕፃን ወተት ይጠጣ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ይህን ክብደት ሳይቀምሱ ስለ ሕፃናት ሁሉ እኩልነት የሚናገሩ ሰዎች ቃላቸው የሚቀለው በዚህ ምክንያት ነው።

የተቃዋሚው ክርክርም ቢሆን በንቀት የሚታለፍ አይደለም። ለሕፃን የተላከ ዱቄት የተዋጊ ስንቅ ሊሆን ይችላል፤ ስንቅም ጦርነትን ያራዝማል፤ የተራዘመ ጦርነት ደግሞ ሌሎች ሕፃናትን ይገድላል። ስሌቱ በራሱ ስሕተት የለበትም። የጐደለው የሕፃን ዕድሜ ነው። ጐልማሳ ሰው ተርቦ ከተረፈ፣ እህል ሲደርስ ያገግማል። ሕፃን ግን እስከ ሁለት ዓመቱ ያጣውን ምግብ በሰባት ዓመቱ በእጥፍ ቢያገኘውም፣ የቀነጨረው ቁመቱ እንደሚገባው አይመለስም፤ የተጐዳ አእምሮውም ፊደል መቀበል እንደ ከበደው ሊቀር ይችላል። ድርድር ለከርሞ ይተላለፋል። አጥንትና አንጐል የሚታነጹት ግን በዚያችው በተከለከለችው ወቅት ነው።

ይህ ክርክር በኢትዮጵያ ምድር በ1977 ዓ.ም. ተፈትኗል። ጥቅምት 13 ቀን የኮረም መጠለያ ሕፃናት በቴሌቪዥን ለዓለም ታዩ። ሐምሌ 6 ቀን በለንደንና በፊላደልፊያ ላይቭ ኤይድ የተባለው የሙዚቃ ዝግጅት ተደረገ፤ ገንዘብም ጐረፈ። ሥዕሎቹን በጥሞና ላስተዋለ፣ በብዙዎቹ ውስጥ እናትና ልጅ አሉ፤ አባት ግን እምብዛም የለም። ይህ በአጋጣሚ ብቻ የሆነ አይመስልም። አባት ከታየ ወገን ይታያልና፣ ተመልካቹ እጁን ወደ ኪሱ ከመስደዱ በፊት ይህ ሰው ከየትኛው ጎራ ነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የዓለም ርኅራኄ ሕፃኑን የተቀበለው አባት አልባ አድርጎ ነው።

ካሜራው ብዙም ያልደረሰባቸው ሕፃናት ነበሩ። በኤርትራና በትግራይ ከመንግሥት ቁጥጥር ውጭ ወደ ነበሩ ወረዳዎች እህል የሚገባው ከሱዳን ድንበር ተሻግሮ፣ የአውሮፕላን ድብደባን በመሸሽ በሌሊት በሚጓዙ መኪኖች ነበር። እህል በሰላም እንዲያልፍ ተኩስ ይቁም የሚለውን ሐሳብ የወቅቱ መንግሥት አልተቀበለም። በጥቅምት 1980 ዓ.ም. ደግሞ ከአስመራ ወደ ትግራይ እህል ጭነው የተነሡ ከ20 በላይ መኪኖች በሻዕቢያ ተዋጊዎች ጥቃት ጋዩ። ሁለቱም ወገኖች ምክንያት ነበራቸው፤ ምክንያቶቻቸውም በጽሑፍ ተሰራጭተዋል። በእነዚያ ዓመታት በየመድረኩ ስለ ሕፃናት ብዙ ተዘምሯል፣ ብዙ ተስሏል፣ ብዙ ተነቧል። ከዚያ ሁሉ መካከል ከግንባሩ ማዶ ስላለው ሕፃን የተዘመረ መኖሩን ማመን ያስቸግራል። «ወንበዴ» የሚለው ቃል ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ አላየንም ያሉ መምህራንና የኪነ ጥበብ ሰዎች ቍጥር ግን ጥቂት አልነበረም።

የማይቻል ነገር ተጠይቆ ነበር እንዳይባል፣ በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ በማዕከላዊ አሜሪካ ኤል ሳልቫዶር የተደረገው ይታወቃል። የርስ በርስ ጦርነቱ በተፋፋመበት ሰዓት፣ ቤተ ክርስቲያን አማላጅ ሆና፣ ዩኒሴፍም ገፋፍቶ፣ መንግሥትና ሽምቅ ተዋጊዎች ሕፃናት ይከተቡ ዘንድ በተለያዩ 3 ቀናት ተኩስ አቆሙ። ሩብ ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ከኩፍኝ፣ ከፖሊዮና ከመሳሰሉት በሽታዎች ተከተቡ፤ በተሰለፉበት ቦታ አባታቸው በየትኛው ጎራ እንደሚዋጋ መጠየቅ አላስፈለገም። በማግሥቱ ጦርነቱ ቀጠለ። ለሦስት ቀን የተቻለው ለአራተኛው ቀን ለምን እንዳልተቻለ ከሁለቱም ወገን የመለሰ የለም። ልማዱ በየዓመቱ እየተደገመ ቢቈይም፣ የሰላሙ ውል የተፈረመው እ.ኤ.አ. በጥር 1992 ነው። በመጀመሪያው የክትባት ቀን እናቷ ታቅፋ ያመጣቻት የ1 ዓመት ሕፃን፣ ያን ጊዜ 8 ዓመት ገደማ ሆኗት ነበር።