ያልተገለጠ ባሕርይ

ጋዶሊኒየም ከሚባለው ብርማ ማዕድን አንድ ቁራሽ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ወደ ማግኔት ቢያስጠጉት እንደ ብረት ተስቦ ይጣበቃል፤ ያንኑ ቁራሽ በመዳፍ ጨብጠው ካሞቁት በኋላ ግን ትንሽ ማግኔት ክብደቱን መሸከም ያቅተውና ይጥለዋል። ማሪኛክ የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ በ1880 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ የመኖሩን ምልክት ያገኘለት ይህ ብርቅዬ የምድር ማዕድን፥ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች እንደ ብረት በማግኔት የሚሳብ መሆኑን ኡርቤን፥ ቫይስና ትሮምብ የተባሉ ሊቃውንት በ1935 እ.ኤ.አ. አስታወቁ።

እንግዲህ ማዕድኑ በሞቀ ጊዜ ያ የመሳብ ባሕርዩ ወዴት ሄደ? ግብሩ ያልታየ ነገር ባሕርዩም የለም የሚሉ ፈላስፎች፥ ቀዝቃዛውና ሙቁ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው ለማለት ይገደዳሉ። ነገር ግን በእያንዳንዱ አቶም ውስጥ ጥንድ ያጡት ሰባት ኤሌክትሮኖች፥ የማግኔትነቱ ምንጭ እነርሱ ናቸውና፥ በሙቀትም በብርድም ሰባት ናቸው፤ አንዱም ኃይሉን አልተነጠቀም። ሙቀቱ ያፈረሰው በአንድ አቅጣጫ መሰለፋቸውን ብቻ ነው፤ የተበተነውም ኅብረታቸው እንጂ ኃይላቸው አይደለም።

ይህ ጥያቄ በሰውም ላይ ይነሣል፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት የሰው ነፍስ ለባዊት፥ ነባቢትና ሕያዊት፥ ማለትም አሳቢ፥ ተናጋሪና ሕያው ናት ብለው ሲያስተምሩ፥ አፉን ያልፈታው ሕፃንም፥ ሕሊናውን ስቶ የተኛው ሕመምተኛም ከዚህ አይወጡም። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ በኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ ሲጋደም፥ ጋዶሊኒየም ያለበት መድኃኒት በደም ሥሩ ይሰጠው ይሆናል፤ መድኃኒቱም በመሣሪያው የተነቃቃው በአቅራቢያው ያለ የውሃ ሃይድሮጅን ፈጥኖ ወደ ዕረፍቱ እንዲመለስ አድርጎ፥ የታመመውን የአንጎል ክፍል በምስሉ ላይ አጉልቶ ያሳያል። ማዕድኑ ብቻውን ቢለቀቅ መርዝ ስለሆነ በሌላ ውሁድ ታስሮ ይገባል፥ በኩላሊትም በኩል ይወጣል፤ ስለዚህ ኩላሊቱ በጽኑ ለታመመ ሰው ሐኪሞች ብዙ ይጠነቀቁለታል።

ምስሉ የቆሰለውን ሥጋ ያሳያል፤ ዝም ያለው ሰው ነባቢ መሆኑን ያጣ እንደሆነ ግን አይነግረንም፥ ይህን እንዲነግረንም ልንጠይቀው አይገባንም። እኔ በበኩሌ ማዕድኑን የነፍስ ማስረጃ አላደርገውም፤ እርሱ ግዑዝ ነው፥ ኅብረቱም በስንት ዲግሪ እንደሚመለስ ይታወቃል፤ ነፍስ ግን በዚህ መለኪያ አትለካም። ሆኖም በሥጋዊው ፍጥረት እንኳ ኃይል ሳይገለጥ እንደሚኖር ካየን፥ መልስ መስጠት ባቃተው ወንድማችን አልጋ አጠገብ ቆመን፥ እንደሌለ ሰው ስለ እርሱ ለመናገር ምን ሥልጣን አለን?