ሁለቱ የቅዱስ ማርቆስ ሳንቲሞች

በቬኒስ ከተማ ሱፍ እየፈተለች ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት መበለት ነበረች። ባሏ ትቶት የሞተውን ዕዳ ለመክፈል ከአንድ ነጋዴ አሥር ግሮሶ ተበደረች። ግሮሶ ትልቁ የብር ሳንቲም ነው፤ እርሷ ግን የድካሟን የምትቀበለው በፒኮሎ፣ መዳብ በሚያመዝንባት በትንሿ ሳንቲም ነበር። በተበደረች ጊዜ አንድ ግሮሶ በ26 ፒኮሎ ይመነዘር ነበርና ከልጆቿ ጉሮሮ እየቀነሰች 260 ፒኮሎ በማሰሮ አጠራቀመች። ብዙ ዓመት ፈጀባት።

ሲሞላላት ወደ ገንዘብ መንዛሪ ሄደች። ቆጠረና፣ «እናቴ፣ 60 ይቀርዎታል» አላት።

«ልጄ፣ ደጋግሜ ቆጥሬዋለሁ። ቤቴም ሌባ አልገባም።»

«ቁጥሩስ ልክ ነው። የጎደለው ብሩ ነው። አሁን የምትመታዋ ፒኮሎ እንደ ድሮዋ ብር የላትም፤ አሮጌዋም አዲሷም የሚሄዱት በአንድ ዋጋ ነው።»

«በግሮሶውም በፒኮሎዋም ላይ የቅዱስ ማርቆስ ስም አለ። ታዲያ ግሮሶው ለምን አልተነካም?»

«እርሱን የሚቀበሉት የሩቅ አገር ነጋዴዎች ሚዛን አላቸው። እርስዎ ይቆጥራሉ እንጂ አይመዝኑም።»

መበለቷ የምሳሌ ሰው ናት፤ ሳንቲሞቹ ግን እውነተኛ ናቸው። ግሮሶን በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም ያስመታው የከተማዋ መስፍን ኤንሪኮ ዳንዶሎ ነው። 2.18 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከመቶ 98 እጁ በላይ ንጹሕ ብር ነው። በምሥራቅ ገበያ ቅመም የሚገዛበት እርሱ ስለነበር፣ ቢቀልል ከተማዋ ስሟን ታጣ ነበርና ከመቶ ዓመት በላይ ክብደቱም ጥራቱም ተጠበቀለት። ፒኮሎ የዳቦና የቀን ሥራ ገንዘብ ነበረች። ብሯ እየተመናመነ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1282 አንድ ግሮሶ በ32 ፒኮሎ እንዲመነዘር ተደነገገ።

ለቬኒስ የሚከራከር ሰው፣ ትንሿን ሳንቲም መምታት ከዋጋዋ አንጻር ብዙ ወጪ ነበረው ይላል። ልክ ነው፤ አንጥረኛው ለአንድ ግሮሶ የሚደክመውን ያህል ለእያንዳንዷ ፒኮሎ መድከም ነበረበት። ነገር ግን ያን ወጪ በግሮሶ የሚነግደውና የሚያተርፈው ሰው ሊሸከመው ይችል ነበር። ከተማዋ የጫነችው ሚዛን በሌላቸው ላይ ነው። እኔ ይህን የገበያ ችግር ብዬ አላልፈውም፤ በደል ነበር።