ድል አድራጊ ባቆመው ቤት መጸለይ

አሥመራ ውስጥ «ካቴድራል ጋ እንገናኝ» ለተባለ ሰው ሌላ ምልክት መስጠት አያሻም። በሐርነት ጎዳና ላይ ያለው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የደወል ግንብ ከ50 ሜትር በላይ ነው፤ ከሩቅ ይታያል። አመሻሽ ላይ በጎዳናው የሚንሸራሸረው፣ ደረጃው ላይ አረፍ የሚለው ሰው ግን አብዛኛው ካቶሊክ አይደለም። ካቶሊኮች በኤርትራ ጥቂት ናቸው፤ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም እዚያው ይቀጣጠራል።

ሕንፃውን በሎምባርዲያ ስልት የነደፈው ኦሬስቴ ስካናቪኒ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 ሲጠናቀቅ ሙሶሊኒ ሮም ላይ ሥልጣን ከያዘ ገና አንድ ዓመቱ ነው። የከተማው ፕላን አውሮፓዊውን ከአገሬው ለይቶ ያሰፍር ነበር፤ ጎዳናውም ኋላ በሙሶሊኒ ስም ተጠራ። በ1935 መረብን ተሻግሮ ኢትዮጵያን የወረረው ጦርም የተነሣው ከዚሁ ከጣሊያን ቅኝ ግዛት ነው።

ታዲያ እንዲህ ባለ ቤት የሚቀርብ ጸሎት ይሰምራል?

ጥያቄው ለአፍሪካ እንግዳ አይደለም። በሰሜን አፍሪካ ዶናቲስቶች፣ የሮም መንግሥት ክርስቲያኖችን ባሳደደበት ዘመን ቅዱሳት መጻሕፍትን አሳልፎ የሰጠ ካህን የሚፈጽመው ምሥጢር ከንቱ ነው ብለው ተለዩ። የሂፖው ጳጳስ አውግስጢኖስ በበኩሉ ምሥጢሩ የክርስቶስ ነው፣ በአገልጋዩ ኃጢአት አይረክስም ሲል ተከራከረ። በተዋሕዶም ቤተ ክርስቲያንን የሚያከብረው ታቦቱ እንጂ ግንቡ አይደለም። በዚህ ስሌት የአሥመራ ምእመን ነጻ ነው፤ ስካናቪኒም ሆነ ሙሶሊኒ በጸሎቱ መካከል አይገቡም።

መልሱ ግን ለባለሥልጣን በጣም ይመቻል። አውግስጢኖስ ራሱ በኋላ ዶናቲስቶች በመንግሥት ኃይል እንዲገደዱ ደግፏል! ጸሎቱ ሰመረ ማለት የአሠሪው ሒሳብ ተዘጋ ማለት አይደለም፤ ሁለቱን አንድ ያደረገ ሰው ለግፍ የጠበል መታጠቢያ ያዘጋጃል።

ጎዳናው በየመንግሥቱ ስም ቀይሯል፦ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በደርግ ብሔራዊ፣ ከነጻነት በኋላ ሐርነት። ካቴድራሉን የአሥመራ ያደረገው ግን አዋጅ ሳይሆን እዚያ የሚቀጣጠረውና የሚያስቀድሰው ሰው ነው። ዩኔስኮ በ2017 ከተማዋን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የጣሊያን አርክቴክቶች ስም ዳግመኛ ገነነ። አሥመራን ድንጋይ ጠርበውና ተሸክመው የሠሩት ኤርትራውያንም ደጁ ላይ ቢታሰቡ፣ በትግርኛና በዓረብኛ ቢጻፍላቸው፣ የቅዳሴው ክብር አይቀንስም።